ፈተናው እስኪያልቅ

መርካቶ ውስጥ ሚስጥር ይደበቃል ብሎ የሚያስብ ሰው መርካቶን አያውቃትም። ማን ከማን እንደተጣላ፣ ማን ሱቁን ሊለቅ እንደተነሳ፣ የማን ልጅ ከማን ልጅ ጋር ሻይ ሲጠጣ እንደታየ ባለቤቱ ሳይሰማ ተራው ሰምቶ፣ ተወያይቶ፣ ፍርድ ሰጥቶ ይጨርሳል። አንድ ነገር ሲቀር። ዘመዱ የሞተበት ሰው መርዶው በወጉ እስኪነገረው ድረስ ያ ሁሉ ወሬኛ ድንገት ጨዋ ይሆናል። የሞተውን ሰው በሕይወት እንዳለ እያነሳ ያወራል፣ ሰላም በሉልኝ ይላል፣ ይስቃል። ይሄ ውሸት አይደለም ወይ ቢሉት ይቆጣል። ወግ ነዋ! ወግ ደግሞ የሚያድነውም የሚጎዳውም አለው። እምነት ጣሰውን የገጠማት ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ እስከ ዛሬ ለይቶ የተናገረ ሰው የለም።

እምነት የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ናት። ብቸና አካባቢ ከምትገኝ አንዲት የገጠር ቀበሌ ስምንተኛ ክፍል ስትጨርስ አባቷ ጣሰው እጇን ይዞ አምጥቶ ለእህቱ ለእትዬ አስናቀች አስረከባት። እናቷ ቀደም ብላ ሞታለች። እትዬ አስናቀች ሸማ ተራ ውስጥ ነጠላና ጋቢ ይሸጣሉ። ባላቸው ከሞቱ ቆይቷል፣ ልጅ አልወለዱም፣ ኃይለኛ ናቸው። ከደንበኛ ጋር ሲከራከሩ ድምፃቸው መሳለሚያ ድረስ ይሰማል እያሉ ጎረቤቶቻቸው ያሟቸዋል። እምነት የመጣች ቀን ግን መሳለሚያ ጀርባ ያለችውን አንድ ክፍል የኪራይ ቤታቸውን በመጋረጃ ለሁለት ከፍለው “ይሄ የተማሪ ነው፤ ማንም ዝር እንዳይልበት” ብለው አወጁ። ቤቱ ውስጥ ከእሳቸው በቀር ዝር የሚል ሰው አልነበረም።

ልጅቷ አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ ከቤታቸው ብዙ በማይርቅ ኮሌጅ አካውንቲንግ ገባች። ጠዋት ክፍል፣ ከሰዓት ሱቅ። እስከ ጣሪያ በተቆለለው ጋቢ መሀል ተቀምጣ የነጠላ ጫፍ ትቋጫለች። ጣቶቿ ክሩን ሲገምዱ ዓይኗ ጉልበቷ ላይ የተዘረጋው ሃንድአውት ላይ ነው። የታክሲ ሰልፍ፣ የቡድን ሥራ ላይ ስሙን ብቻ የሚያስጽፍ ልጅ፣ ፈተና ሊደርስ ሲል የሚጠፋ መብራት፣ በሦስት ብር ከሃምሳ ኮፒ የሚደረግ የማይነበብ ማስታወሻ፤ ሌላው ተማሪ የሚያየውን ሁሉ አየች። አንዳንድ ቀን ውጤት ይዛ ስትመጣ እትዬ አስናቀች ወረቀቱን ተቀብለው ለጎረቤት ሱቆች ያዞሩታል። ማንበብ አይችሉም። ስለዚህ ጎበዝ የሚለውንም ሰነፍ የሚለውንም እኩል ያዞሩታል።

አራት ዓመት እንዲህ አለፈ። ሰኔ ላይ የመውጫ ፈተናውን ወሰደችና አርባ ሰባት አመጣች። ማለፊያው ሃምሳ ነው። ያንን ፈተና ያላለፈ ተማሪ አራት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ያልቀረ ቢሆን እንኳ ዲግሪ አይሰጠውም።

አባቷ ይህን ሳያውቅ ለምርቃቷ ብሎ አዲስ ባርኔጣ አድርጎ መጥቶ ነበር። እትዬ አስናቀች ሱቅ ውስጥ አስቀምጠው ነገሩት። እምነት አፍራ ጓዳ ገብታለች። አባቷ “መሬትም እኮ አንዳንድ ዓመት ጦሟን ታድራለች። መሬትነቷ ይቀራል እንዴ?” አለ። ከዚያ ድምፁን ወደ ጓዳው ከፍ አድርጎ “ነይ ውጪ፤ ርቦኛል” አላት። ሦስቱም አንድ ትሪ ላይ ምሳ በሉ። ሲመለስ አውቶቡስ ተራ ድረስ ሸኘችው። “ጥር ላይ ደግመሽ ትወስጂያታለሽ። ዋናው ልብሽ አይፍራ” አላትና ግንባሯን ስሞ ተሳፈረ። ከዚያ በኋላ አላየችውም።

ክረምቱንና መጸውን አነበበች። አብሯት የሚያነበው ሁዛይፋ የሚባል ልጅ ነው። አባቱ ሸማ ተራ ዳር የሱፍ ጨርቅ ይሸጣሉ። እሱም ወድቋል፣ አርባ ዘጠኝ አምጥቶ። “አንቺ በሦስት ነው የወደቅሽው፤ በደንብ ነው። እኔ በአንድ! በአንድ ጥያቄ የወደቀ ሰው እንቅልፍ አለው?” እያለ ያስቃታል። ኅዳር ላይ ሞዴል ፈተና ሲሠሩ ሃምሳ አራት አመጣች፤ ታኅሣሥ ላይ ስልሳ። የአገር ቤት ስልክ ከሳምንታት መጥፋት በኋላ ለአንድ ቀን ብልጭ ባለ ጊዜ አባቷን አገኘችውና ስልሳ ማምጣቷን ነገረችው። “ስልሳ ከስንት?” አለ። “ከመቶ።” “አርባዋን ማን ወሰዳት?” ብሎ ሳቀ። ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ።

ጥምቀት አምስት ቀን ሲቀረው ሸማ ተራ መግቢያ መውጫ የለውም። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ የተባለው ለሌላው ሰው ተረት ነው፣ ለሸማ ተራ ግን የዓመት እንጀራው ነው። በዚያ ረቡዕ ኮሌጁ ውስጥ ሊሰጥ የነበረው የማጠናከሪያ ትምህርት መብራት ስለጠፋ ተሰረዘና እምነት አምስት ሰዓት ሳይሞላ ወደ ሱቅ ተመለሰች። ከሩቅ ስታይ የአክስቷ ሱቅ በር ገርበብ ብሏል። በዚያ ሳምንት ሱቅ ገርበብ የሚያደርግ ሰው ወይ አብዷል ወይ ታሟል ብላ እየሮጠች መጣች።

በሩ ላይ ከተሰቀሉት ቀሚሶች ጀርባ ስትደርስ ግን እግሯ ቆመ። እትዬ አስናቀች በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል፣ ጥለቱ አንገታቸው ላይ ነው። እንዲህ የሚለበሰው ለሐዘን ብቻ እንደሆነ ሸማ ተራ ያደገች ልጅ ማንም ሊነግራት አያስፈልግም። ፊት ለፊታቸው የአገራቸው ልጅ ዘመድኩን አለ፤ ከብቸና እህል እየጫነ መርካቶ የሚያራግፍ ነጋዴ ነው። የመንገድ አቧራው ገና ልብሱ ላይ ነበር።

“ሦስት ቀን ነው የተኛው” ይላል ዘመድኩን። “ሐኪም ቤት እንዳናደርሰው መንገዱ ዝግ ነበር። እሑድ አረፈ፣ ሰኞ ቀበርነው። ስልክ የለ፣ ምን የለ። መንገዱ ትናንት ሲከፈት እኔው ልንገርዎ ብዬ መጣሁ።”

እትዬ አስናቀች አንድ ጋቢ አንስተው አፋቸው ላይ ጫኑት። ድምፃቸው መሳለሚያ ይሰማል የሚባሉት ሴት በዚያ ጋቢ ውስጥ አለቀሱ፣ ከበሩ ማዶ የቆመችው ልጅ እንኳ የሰማችው የትንፋሻቸውን መቆራረጥ ብቻ ነው።

“አንድ ቃል ነው የተናገረው” አለ ዘመድኩን። “‘እምነት ፈተናዋን ሳትጨርስ እንዳትሰማ። በእኔ ምክንያት ደግማ እንዳትወድቅ። አስናቀችን አደራ በላት’ አለኝ። ይኸው አደራውን አድርሻለሁ።”

“ፈተናዋ የሚመጣው ሐሙስ ነው” አሉ እትዬ አስናቀች ጋቢውን ከአፋቸው አውርደው። “ዛሬን ጨምሮ ዘጠኝ ቀን። እችለዋለሁ። የወንድሜን አደራ አልበላም።”

እምነት ወደ ኋላዋ ሄደች። ማንም አላያትም፣ ወይም ያያት ሁሉ እንዳላየ ሆነ። ሰው እየገፋት፣ ተሸካሚ “ወገብ! ወገብ!” እያለ እየጮኸባት፣ ጭድ ተራ ስትደርስ አንድ ግድግዳ ተደግፋ ቆመች። ማልቀስ ፈለገች። ካለቀሰች ዓይኗ ያብጣል፣ ዓይኗ ካበጠ እትዬ ያውቃሉ። ስለዚህ አላለቀሰችም። አባቴ ሞተ ብላ አንዴ በልቧ አለች። ደግማ አለችው፤ ሦስተኛ ግን አልደገመችውም።

ሁልጊዜ በምትመለስበት ሰዓት፣ ዘጠኝ ተኩል ላይ፣ ሱቅ ገባች። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። የአክስቷ ነጠላ ተቃንቷል።

“ዓይንዎ ቀላ እትዬ፤ ምን ሆኑ?” አለች። ካልጠየቀች ይጠረጥራሉ።

“ጉንፋን። ይሄ የጥር ብርድ። በይ እሱን ነጠላ ቋጪ፣ ነገ ባለቤቱ ይመጣል።”

ያን ዕለት የተጀመረው ነገር ለመናገርም ይከብዳል። አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ሁለት ሴቶች ለአንድ ሰው ሐዘን ተቀምጠው፣ አንዷ ከሌላዋ እየተደበቀች ትስቃለች። እምነት ከድሮም ጀምሮ ማታ ማታ እራት ሲቀርብ “ከአባቴ ተደወለ?” ብላ የመጠየቅ ልማድ ነበራት። አሁን ብትተወው እትዬ ይነቃሉ። ስለዚህ በየቀኑ ጠየቀች። እትዬ አስናቀችም በየቀኑ “ኔትወርክ የት አለና ልጄ” እያሉ መለሱላት። ጥያቄው ጠያቂዋን ይወጋታል፣ መልሱ መላሿን። ሐሙስ ማታ እትዬ እንጀራውን ቆርሰው “ዘመድኩን መጥቶ ነበር። አባትሽ በርቺ ብሎሻል” አሏት። እምነት “እሺ” አለችና ጉርሻውን ዋጠችው።

ተራውም አወቀ። አላፊ አግዳሚው ነጋዴ “እሜቴ ተማሪ፣ በርቺ” ይላታል፣ ድምፁ ይለሰልሳል። አንዷ ሻይ ትልክላታለች፣ ሌላዋ ብርቱካን። ሁዛይፋ መቀለድ አቆመ። ያ በአንድ ጥያቄ ወደቅሁ እያለ ሲያስቃት የከረመ ልጅ ፊቷን ማየት ፈርቶ ደብተሩ ላይ አቀርቅሮ ይውላል። መቀለዱን ባይተው ይሻላት ነበር።

ዓርብ ረፋድ ላይ ጋሼ ደመቀ ወደ ሱቁ መጡ። የአገራቸው ልጆች እድር ዳኛ ናቸው፤ እሳቸውም ሸማ ነጋዴ ናቸው። እምነት ጓዳው አፍ ላይ ተቀምጣ እየቋጨች ነበር። ጋሼ ደመቀ እሷን አይተው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

“አስናቀች፣ ያ የሠርግ ነገር” አሉ። “መንገዱ እስከ ማክሰኞ ክፍት ነው ይላሉ። የአገር ልጆች ሚኒባስ ይዘናል። ነገ ጠዋት ተነስተን እሑድ ከሠርጉ እንደርሳለን። ላንቺ የፊት ወንበር ይዘንልሻል።”

እምነት ሠርጉ ምን እንደሆነ ገባት። እሑድ የአባቷ ሰባት ነው። እህቱ መቃብሩ ላይ ቆማ የምታለቅስለት ቀን። ክሩ ጣቷ ላይ ቆመ።

እትዬ አስናቀች ጋሼ ደመቀን ሳይሆን ጓዳውን አዩ። “እንዴት አድርጌ?” አሉ ቀስ ብለው። “ልጅቷ ፈተና አላት። የበዓል ገበያውን ጥዬ፣ እሷን ለብቻዋ ትቼ፣ ድንገት ተነስቼ አገር ቤት ብሄድ ምን ትላለች?”

ከዚያ ሁለቱም ዝም አሉ። ያ ዝምታ ለእምነት የተተወ ነበር። “ይሂዱ እትዬ፤ እኔ ለራሴ አላንስም፤ ሠርጉ እንዳያመልጥዎ” ብትል በቂ ነበር። አውቃለሁ ማለት አያስፈልጋትም። አደራውም አይፈርስም። አንዲት ቃል ብቻ፤ ይሂዱ።

አላለችም። አንገቷን ደፍታ መቋጨቷን ቀጠለች።

በኋላ ላይ ለምን እንደሆነ ራሷን ስትጠይቅ ለአደራው ነው ብላ ልታመካኝ ሞከረች። ውሸት ነው። የፈራችው ያንን ክፍል ነው። እትዬ ከሄዱ ለብቻዋ ትቀራለች፣ ለብቻዋ ከቀረች የምታስመስልለት ሰው አይኖርም፣ የምታስመስልለት ሰው ከሌለ ደግሞ ትፈርሳለች። ከፈረሰች ትወድቃለች። ልጅቷን ቀጥ አድርጎ ያቆማት የአክስቷ ዓይን ነበር፣ እሱን ልትለቅ አልቻለችም። ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው። የሚፈርድባት ይፍረድባት።

“እንግዲያው ቅሪ” አሉ ጋሼ ደመቀ። “እኛ እናደርስልሻለን።” ቅዳሜ ጠዋት መኪናው በመሳለሚያ በኩል ሲያልፍ እትዬ አስናቀች ወደ ሱቅ እየሄዱ ነበር። ዳር ይዘው ቆመው እስኪርቅ ድረስ አዩት። እምነት ከጎናቸው ነበረች።

ጥምቀት ሰኞ ዋለ። እትዬ አስናቀች በየዓመቱ አምረው የሚወጡ ሴት ናቸው፣ ዘንድሮ ቢቀሩ ምን ሊባል ነው? ጥልፍ ቀሚሳቸውን ለበሱ፣ ዓይናቸውን ተኳሉ፣ እምነትንም አለበሷት። ታቦት አጅበው ሲሄዱ ወጣቱ ይጨፍራል፣ ሴቱ እልል ይላል። እትዬ አስናቀችም እልል አሉ። ሦስተኛው ላይ ድምፃቸው ሲሰነጠቅ እምነት ሰማች፣ ወዲያው የራሷን እልልታ ጨምራ ሸፈነችላቸው። እትዬ ዞር ብለው አዩዋትና ፈገግ አሉ። እሷም ፈገግ አለች። ኩሉ ከእትዬ ዓይን ትንሽ ወርዶ ነበር።

ሐሙስ ደረሰ። ፈተናው የሚሰጠው በኮምፒውተር ነው። እምነት ከሁዛይፋ ጋር በማለዳ ሄዳ ተሰልፋ፣ ተፈትሻ፣ መታወቂያዋን አሳይታ ገባች። መቶ ጥያቄ። የመጀመሪያዎቹን አሥር እንዴት እንደሠራች አታስታውስም። ከዚያ በኋላ ግን አንድ የሚገርም ነገር ሆነ፤ አእምሮዋ ጠራ። ዘጠኝ ቀን ስታስመስል የኖረች ሰው ተጨማሪ ሦስት ሰዓት ማስመሰል አያቅታትም። ጥያቄ ሲከብዳት ዘላ ታልፋለች፣ ትመለሳለች፣ ትመርጣለች። ጨርሳ ስትወጣ ሁዛይፋ በር ላይ ጠበቃት።

“እንዴት ነበር?” አላት።

“አላውቅም። ዝም ብለን እንሂድ።”

ዝም ብለው ሄዱ። አንድም ጊዜ አልቀለደም።

ዓርብ ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። መርዶ የሚነገረው በማለዳ ነው፣ ገና ሰው ሆዱ ባዶ፣ ልቡ ዕረፍት ላይ ሳለ። ጋሼ ደመቀ ከፊት፣ ከኋላቸው ስድስት ሰባት ሰው፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው። እትዬ አስናቀች በተኙበት ልብሳቸው ተነስተው ከሰዎቹ ጋር ቆሙ። እምነት መጋረጃውን ገልጣ ስትወጣ ሁሉም አንገቱን ደፋ።

“እምነት ልጄ” አሉ ጋሼ ደመቀ። “አንቺ የተማርሽ ነሽ። ሰው የአፈር ነው፣ ከዚህ የሚቀር የለም። አባትሽ ጣሰው አርፏል። እግዜር ያጽናሽ።”

ጮኸች። ዘጠኝ ቀን የታፈነው ሁሉ ባንዴ ወጣ። ሴቶቹ ያዙዋት፣ ደረቷን እንዳትመታ እጇን ጨበጡ። “አባቴ! አባቴ!” እያለች አለቀሰች። አልቅሳም አልጠገበች። እትዬ አስናቀችም በመጨረሻ ድምፃቸውን አወጡ፣ ያ መሳለሚያ የሚደርሰው ድምፃቸው ያን ቀን በእርግጥም ደረሰ። ጎረቤት ሁሉ ተጠራርቶ መጣ። ግቢው ውስጥ ሸራ ተወጠረ፣ አግዳሚ ወንበር ተደረደረ።

ከሰዓት ላይ፣ ሰው ሳሳ ሲል፣ እትዬ አስናቀች እምነትን ወደ ቤት ውስጥ ጠርተው በሩን ዘጉ። ፊታቸው ከሌላ ጊዜ ሁሉ የተለየ ነበር።

“መቼ ሞተ ብለሽ አልጠየቅሽም” አሉ።

እምነት የተዘጋውን በር አየች።

“መርዶ የሰማ ሰው ሁሉ ይጠይቃል። መቼ? ምን አገኘው? ማን ቀበረው? ገና ሳያለቅስ እሱን ነው የሚጠይቀው። አንቺ አንዱንም አልጠየቅሽ። ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው?”

“ዘመድኩን ከመጣ ቀን ጀምሮ።”

እትዬ አስናቀች አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። አስበው አስበው አንድ ነገር ላይ ሲደርሱ ቀና አሉ።

“ታዲያ ደመቀ ስለ መኪናው ሊነግረኝ የመጣ ዕለትም ታውቂ ነበር።”

አላውቅም ነበር ብትል ያምኗታል፤ ማመን ፈልገው ነበር። “አውቅ ነበር” አለች እምነት። “ለብቻዬ መሆን ፈርቼ ነው እትዬ። እንዳልወድቅ ፈርቼ።”

“ይሂዱ ብትይኝ እኮ እሄድ ነበር” አሉ እትዬ አስናቀች። ሳይቆጡ ነው ያሉት። ቢቆጡ ይሻል ነበር። “ያንቺን አፍ ነበር የምጠብቀው። ወንድሜ አንድ ነው፤ ሌላ የለኝም። እናታችን ስትሞት በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኩት ነው። ሰባቱን ሰው ሁሉ ሲያለቅስለት እኔ እዚህ ነጠላ እሸጥ ነበር። አሁን ደግሞ መንገዱ ተዘጋ።” ተነስተው ሸራው ውስጥ ወዳሉት ለቀስተኞች ተመለሱ።

ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን ከሰው ጋር አወሩ፣ ለሰው አለቀሱ፣ ከእምነት ጋር ግን “ብሊ” እና “ተኚ” ብቻ ሆነ። ጎን ለጎን ተቀምጠው ሁለቱም እግዜር ያጽናችሁ ይባላሉ። የሚያያቸው ሰው ምንም አይጠረጥርም።

ሰኞ ከሰዓት ሁዛይፋ ከአባቱ ጋር ለቅሶ ሊደርስ መጣ። አባቱ ወንዶቹ ጋ ሲቀመጡ እሱ ወደ እምነት ተጠግቶ ጎንበስ አለና በጆሮዋ አንድ ነገር ተናገረ። ከዚያ ስልኩን አሳያት። ውጤት ወጥቷል። እሱ ሃምሳ ስምንት፣ እሷ ስልሳ ሦስት።

እምነት ስልኩን አየችና መለሰችለት። ምን ማድረግ እንዳለባት አላወቀችም። ለዚህች ቁጥር ስንት ነገር ተከፍሏል፤ አሁን በእጇ ሲገባ የምትሰጠው ሰው አጣች።

“ምን አለ ልጁ?” አሉ እትዬ አስናቀች፣ ከሴቶቹ መሀል።

ሁዛይፋ ሐዘን ቤት ውስጥ የምሥራች እንዴት እንደሚነገር አያውቅም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ “ውጤት መጥቶ ነው እትዬ። ተሳክቶላታል” አለ።

እንኳን ደስ አለሽ ማለትም ነውር፣ ዝም ማለትም ነውር ሆኖ ሰው ሁሉ መሬት መሬት አየ። እትዬ አስናቀች ቀስ ብለው ተነሱ። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩና መሀል ገብተው ፊታቸውን ወደ አገራቸው አቅጣጫ አዞሩ።

“ጣሰው!” ብለው ተጣሩ። “አንተ ጣሰው! ልጅህ ስልሳ ሦስት አመጣች! ሰምተሃል?” ከዚያ ሙሾ አወጡ። አልቃሽ አይደሉም፣ ግጥም ሲያወጡ ሰምቷቸው የሚያውቅ ሰውም የለም፤

“አገር ላንተ ሲሄድ ሞልቶ በመኪና፣
እኔ እህትህ ቀረሁ ልጅህን ላስጠና።
እሷም እኔን ፈርታ፣ እኔም እሷን ፈርቼ፣
ዘጠኝ ቀን አደርሁኝ እንባዬን ዘጋግቼ።”

ሴቶቹ እየተቀበሉ አለቀሱ። ጋሼ ደመቀ “እሷም እኔን ፈርታ” የሚለውን ሲሰሙ ወደ እምነት ዞሩ፤ ያን ዓርብ ጓዳው አፍ ላይ አንገቷን ደፍታ ትቋጭ የነበረችውን ልጅ አስታወሱና ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። እምነት ከሀፍረቷ መሬት ብትውጣት በወደደች። ልትወጣ ተነሳች።

እትዬ አስናቀች ግን መንገዷ ላይ ቆመው ክንዷን ያዙ። ድምፃቸው ዘግቷል።

“የት ትሄጃለሽ? ለየብቻችን ያለቀስነው አይበቃም?” አሉ። “ነይ እንግዲህ፤ አብረን እናልቅስለት።”